ስልካችሁ ቢጠፋ ምን ይጠፋባችኋል?

ልጆቼ፣ ስልክ ክፉ ነው ልላችሁ አልተነሣሁም። ልጇን ዐረብ አገር ልካ ፊቷን በኢሞ የምታይ እናት ባለችበት ሰፈር እየኖርኩ እንዲህ ብል ማን ይሰማኛል? ብር በቴሌብር ይላካል፣ የመብራት ሂሳብ በስልክ ይከፈላል፣ ለቅሶውም ሠርጉም የሚነገረው በቴሌግራም ነው። በ1991 ዓ.ም. የሞባይል አገልግሎት አዲስ አበባ ላይ ሲጀመር ሲም ካርድ ማግኘት ራሱ ማዕረግ ነበር። ዛሬ ሊስትሮውም ሚኒስትሩም ይዞታል። መያዙንማ ያዙት። እኔ የምመክራችሁ የያዛችሁትን እንድትለዩ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቃችሁና ከልባችሁ መልሱልኝ። የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማችሁ አንድ ባለ ሞተር ስልካችሁን መንትፎ ቢበር፣ ምን ይጠፋባችኋል?

ሰፈራችን ውስጥ ያለች አንዲት ልጅ ይህ ደርሶባታል። ከሥራ ስትመለስ መገናኛ ላይ ነጠቋት። ቤት ገብታ ስታለቅስ እኛ ስለ ብሩ መስሎን «አንቺ ብቻ ደኅና ሁኚ፣ ዕቃ ይተካል» ስንላት አመሸን። ነገሩን የነገረችን ቆይታ ነው። አባቷ ከማረፋቸው በፊት ሐኪም ቤት ተኝተው የላኩላት የድምፅ መልእክቶች እዚያ ስልክ ውስጥ ነበሩ፤ «ምሳ በላሽ ወይ?» የሚሉት፣ «ሲመሽ ብቻሽን እንዳትሄጂ» የሚሉት። ሌላ የትም አላስቀመጠቻቸውም። ስልኩንማ ሠርታ ገዛች፤ የአባቷን ድምፅ ግን ከየት ታመጣዋለች?

እኔ ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ዕቃ የምመዝነው በዚህ ነው። ቢጠፋ የሚያስቆጨኝ ዋጋው ብቻ ከሆነ፣ ዕቃ ነው፤ ይምጣም ይሂድም። ከዋጋው ሌላ የሚያስለቅሰኝ ነገር ውስጡ ካለ ግን ያን ነገር ያለ ቦታው አስቀምጬዋለሁ ማለት ነው። በኪስ የሚዞር፣ ውኃ የሚያበላሸው፣ ሌባ የሚመኘው ዕቃ የአባት ድምፅ ማኖሪያ አይደለም። ዛሬ ማታ አውጡት። ወደ ኮምፒውተር ገልብጡት፣ በፍላሽም ሌላ ቅጂ ይኑራችሁ፣ ፍላሹን እኅታችሁ ቤት አስቀምጡት።

ሁሉንም ግን አትገልብጡ። የብዙዎቻችሁን ስልክ አይቻለሁ፤ አንዱ ፎቶ አሥራ አምስት ጊዜ ተነሥቷል፣ የበላችሁት ክትፎ አለ፣ ያለፈበት ደረሰኝ አለ፣ ለምን እንዳነሣችሁት የማታውቁት ጽሑፍ አለ። የአያታችሁን ፎቶ አሳዩኝ ስላችሁ ከዚያ ሁሉ መካከል ፈልጋችሁ ታጣላችሁ። ተፈልጎ ያልተገኘ ነገር ከጠፋው በምን ይለያል?

እናቴ ስታርፍ ሳጥኗን የከፈትነው እኛ ልጆቿ ነን። ሁለት ነጠላ፣ የመሬት ግብር ደረሰኞች በክር ታስረው፣ የክርስትና ልብሳችን፣ በጨርቅ የተጠቀለሉ ፎቶዎች። ፎቶዎቹን ገልበጥ ስናደርግ ከእያንዳንዱ ጀርባ በእስክሪብቶ ስም ተጽፏል፤ ከግራ ወደ ቀኝ፣ እነማን እንደሆኑ፣ በማን ሠርግ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት። ማንበብ የተማረችው ጎልማሳ ሆና በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ፊደሎቿ ትልልቅና ዘመም ያሉ ናቸው። ከእኛ መካከል ማንም «ይሄ ደግሞ ማን ነው?» ብሎ የተጨነቀ አልነበረም። እናንተም ከሺዎቹ መርጣችሁ ጥቂቱን ፎቶ ቤት ወስዳችሁ አሳጥቡ፤ ከጀርባውም ስም ጻፉበት። የማን እንደሆነ የማይታወቅ ፎቶ ልጆቻችሁ አንድ ቀን ይጥሉታል፤ አይፈረድባቸውም።

እስካሁን የተናገርኩት ስልኩ ውስጥ ስለምታስቀምጡት ነው። ስልኩ ከእናንተ የሚወስደው ደግሞ አለ፤ እኔን አብልጦ የሚያሳዝነኝ እሱ ነው። ቡና ተፈልቶ፣ አቦሉ ተቀድቶ፣ ሦስት ወጣቶች አንገታቸውን ደፍተው ሲያንሸራትቱ ሳይ ልቤ ይደማል። ለቅሶ ቤት ሳይ ደግሞ ይብስብኛል፤ ሐዘንተኛው ፊት ቀና ብሎ መቀመጥ እንኳ የሚያጽናና ነገር ነበረው። ቢሆንም ሰነፎች ናችሁ ብዬ አልወቅሳችሁም። ጋዜጣ የመጨረሻ ገጽ አለው። በስልክ ላይ የምታዩት ግን መጨረሻ እንዳይኖረው ተደርጎ ነው የተሠራው። ሳይቋረጥ የሚወርደውን ገጽ እ.ኤ.አ. በ2006 ያበጀው ኤዛ ራስኪን የተባለ አሜሪካዊ ነው፤ በኋላ ራሱ በአደባባይ ተጸጽቶበታል። ከእሱ ብዙ ዓመት በፊት ስኪነር የሚባል የሥነ ልቦና ሊቅ ርግቦችን ሲያጠና፣ ምግቡ መቼ እንደሚመጣ የማታውቅ ርግብ ሳትታክት ደጋግማ እንደምትጠቁም አሳይቷል። ቀጥሎ ደስ የሚል ነገር ይመጣ ይሆን እያላችሁ ጣታችሁን የምታንቀሳቅሱት በዚሁ መንገድ ነው።

እንዲህ ታስቦበት የተሠራን ነገር «ከነገ ጀምሮ እቀንሳለሁ» በሚል ቃል ብቻ አትችሉትም። ሰው ካልጻፈላችሁ በቀር ምንም እንዳይጮህባችሁ የማሳወቂያ ድምፁን አጥፉት። ካያችሁት በኋላ ልባችሁን ከብዶት የሚያስቀረውን መተግበሪያ ከስልኩ አውጡት፤ በእርግጥ ካስፈለጋችሁ መልሳችሁ ትጭኑታላችሁ። ማታ ቻርጅ የሚደረገው ሳሎን ይሁን። ለመቀስቀሻ ከመርካቶ ባለ ደወል ሰዓት ግዙ።

አዲስ ሞዴል በወጣ ቁጥር ለመቀየር ደግሞ አትቸኩሉ። ከስልክ ውስጥ ቀድሞ የሚያረጀው ባትሪው ነው፤ እሱ ደግሞ ይቀየራል። ውስጡ ያለው ማዕድን በቀላሉ የተገኘ አይደለም። ለባትሪ የሚሆነው ኮባልት ከግማሽ በላዩ የሚወጣው ከኮንጎ ነው፤ እዚያ ሰዎች፣ ሕፃናት ጭምር፣ በእጃቸው እየቆፈሩ ያወጣሉ። ለስልክ ክፍሎች የሚውለው ታንታለም በእኛም አገር ጉጂ፣ ቀንጢቻ ላይ ለዓመታት ሲወጣ ኖሯል። በዚህ ልፋት የመጣን ዕቃ ቀለሙ ሰለቸኝ ብሎ መለወጥ እኔ አይዋጥልኝም።

መሳቢያ ውስጥ ያጠራቀማችኋቸው አሮጌ ስልኮችስ? ባትሪው ያበጠ ካለ አትውጉት፣ አትጫኑት፣ ቻርጅም ላይ አትሰኩት፤ ለጠጋኝ አሳዩት። የሚሠራውን ደግሞ፣ የናንተን ነገር ሙልጭ አድርጋችሁ አጥፍታችሁ፣ ሲሙንና ሚሞሪውን አውጥታችሁ፣ ገጠር ላለች አክስታችሁ ላኩላት።

በመጨረሻ ወረቀትና እስክሪብቶ አምጡ። *#06# ብትደውሉ ባለ 15 አሃዝ መለያ ቁጥር ይወጣላችኋል፤ ጻፉት፣ ስልኩ ሲሰረቅ ፖሊስ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው። ከሥሩ የእናታችሁን፣ የአባታችሁን፣ የአንድ ወንድም ወይም እኅታችሁን፣ የአንድ ጎረቤታችሁን ስልክ ቁጥር ጻፉና ቦርሳችሁ ውስጥ ክተቱት። የእናታችሁን ግን በቃላችሁ ያዙት።