ፎጣው በማን እጅ ነው?

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የጀመሩት ነገር አልሆን ብሏቸው ሲተዉት «ፎጣውን ወረወርኩ» ይላሉ። አባባሉ ከቦክስ መድረክ የመጣ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሚወረወረው የቦክሰኛው ፊት የሚጠረግበት ስፖንጅ ነበር፤ በኋላ ፎጣ ተተካ። እኛም «እጅ ሰጠሁ» እንላለንና ነገሩ አንድ ይመስላል። ግን አይደለም። እጁን የሚሰጠው ባለእጁ ራሱ ነው። ፎጣውን የሚወረውረው ግን ተደብዳቢው ሳይሆን ጥግ ላይ የቆመው አሰልጣኙ ነው።

በ1975 እ.ኤ.አ. ጆ ፍሬዘር ማኒላ ላይ ከመሐመድ አሊ ጋር 14 ዙር ተፋለመ። ዓይኑ አብጦ የሚመጣውን ቡጢ ማየት ተስኖታል። የቀረው አንድ ዙር ብቻ ስለነበር «ልቀጥል» አለ። አሰልጣኙ ኤዲ ፉች ግን እምቢ ብሎ ግጥሚያውን አስቆመ። በሌላኛው ጥግ አሊም ዝሎ ነበር። ያ አንድ ዙር ቢቀጥል ምን ይሆን እንደነበር ማንም አያውቅም። «በቃህ» የሚል ሰው የሚሸከመው ዕዳ ይሄ ነው፤ ልክ መሆኑን የሚያረጋግጥበት መንገድ የለውም።

ታዲያ ለሌላ ሰው «በቃህ» ለማለት ማን መብት ሰጠን? ፍሬዘር አዋቂ ሰው ነው፣ ሕይወቱም የራሱ። ነገር ግን ጡጫ ያደነዘዘው ጭንቅላት ለራሱ መፍረድ ያቅተዋል። በዚያ ላይ ፎጣው በማንም ተመልካች እጅ አይደለም። ቦክሰኛው ራሱ አምኖ ጥጉ ላይ ባቆመው፣ ደሙን ሲጠርግለት በቆየው ሰው እጅ ነው።

ይህን የምጽፈው በጓደኛዬ ምክንያት ነው። ሱቁ ሲከስር በብድር ላይ ብድር ሲጨምር አይቻለሁ። እየከሳ ሲሄድም አይቻለሁ። በየሳምንቱ ቡና ጋብዤው «አይዞህ፣ በርታ!» እለው ነበር። ደግ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ሱቁ ከተዘጋ በኋላ የቀረው ዕዳው ብቻ ነው።

አንድ ቀን «ሁሉም በርታ አለኝ» አለኝ፤ «አንተ እንኳ በቃህ ብትለኝ ምን ነበረበት?»

መልስ አልነበረኝም። እውነቱን ለመናገር፣ «በቃህ» ብለው ይቀየመኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። «አይዞህ» ማለት ምንም አያስከፍልም። ፎጣው ያኔ ሁሉ በእኔ እጅ ነበር፤ እኔ ግን ላቤን ጠረግኩበት።