ለማይናገር ልጅ ሆድ ማን ይመስክር?

ከጤነኛ ሰው ዓይነ ምድር ተጣርተው የወጡ ባክቴሪያዎችን ኦቲዝም ላለበት ልጅ በመድኃኒትነት መስጠት ይፈቀዳልን? ጥያቄው ለጆሮ ይከብዳል። አንድ ሙስሊም አባት ወይም አንዲት እናት ነገሩን ሲሰሙ ቀድሞ የሚታወሳቸው ነጃሳነቱ ነው፤ ይህም ከሙስሊም የሚጠበቅ ነው። ዳሩ ግን ውድ አንባብያን፣ ከነጃሳው ጥያቄ በስተኋላ ይበልጥ የሚከብድ ሌላ ጥያቄ ተቀምጧል። እርሱን ሳያነሱ የመጀመሪያውን ብቻ መልሶ መሄድ ለልጁ አይበጀውም።

በቅድሚያ ነገሩ ምን እንደሆነ እንይ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አላህ (ሱ.ወ.) በሰው አንጀት ውስጥ ቁጥራቸው እጅግ የበዛ ባክቴሪያዎች እንዲኖሩ አድርጓል። ሁሉም የበሽታ ምንጭ አይደሉም። ሆድ ያልፈጨውን ምግብ ያብላላሉ፣ አንዳንድ ቫይታሚኖችን ይሠራሉ፣ ጎጂ ተህዋስያንንም ቦታ ያሳጣሉ። ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ደግሞ በሆድ ድርቀት፣ በተቅማጥና በሆድ ሕመም ከሌሎች ልጆች ይበልጥ ይሠቃያሉ። በ2014 የቀደሙ ጥናቶችን አሰባስቦ የመዘነ አንድ ጽሑፍ ችግሩ በእነርሱ ላይ የመታየት ዕድሉ ከአራት እጥፍ በላይ መሆኑን አሳይቷል። ከእነርሱም መካከል «ሆዴን አመመኝ» ብለው መናገር የማይችሉ አሉ። ራሱን ከግድግዳ የሚያጋጨው ወይም ሌሊቱን ሲጮኽ የሚያድረው ልጅ አንዳንድ ጊዜ የሚለው ይህንኑ ነው።

ከዚህ በመነሳት በአሜሪካ የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ እነ ጄምስ አዳምስና ሮዛ ክራይማልኒክ-ብራውን፣ በ2017 አንድ ጥናት አወጡ። ዕድሜያቸው ከ7 እስከ 16 ዓመት የሆነ፣ ከኦቲዝሙ ጋር የሆድ ሕመም ያለባቸው 18 ልጆች ተመረጡ። ለሁለት ሳምንት ቫንኮማይሲን የተባለ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ተሰጣቸው፤ አንጀታቸው ታጠበ፤ ከዚያም ከጤነኛ ለጋሾች የተጣራው ባክቴሪያ ለሰባት ወይም ለስምንት ሳምንት ያህል ተሰጣቸው። በአፍ የሚወስዱት በቸኮሌት ወተት ወይም በጭማቂ ተበጥብጦላቸው ይጠጡ ነበር። በሕክምናው ማብቂያ የሆድ ሕመማቸው በመለኪያው 80 በመቶ ያህል ቀነሰ። ጠባያቸውም መሻሻሉ ተነገረ። በ2019 የወጣው የሁለት ዓመት ክትትል መሻሻሉ እንዳልጠፋ ሲዘግብ ደግሞ የብዙ ወላጆች ልብ ተንጠለጠለ።

ወደ ነጃሳው እንመለስ። የፊቅህ ሊቃውንት በነጃሳ ስለ መታከም የተወያዩት ዛሬ አይደለም። የሐንበሊ መዝሀብ ይከለክላል። በአገራችን ብዙ ተከታይ ባለው በሻፊዒይ መዝሀብ ግን ከአስካሪ መጠጥ በቀር በነጃሳ መታከም፣ የሚተካው ንጹሕ መድኃኒት ከታጣና ፈውስነቱ በአዋቂ ሐኪም ከታወቀ፣ ይፈቀዳል። ከሐነፊዮችም ወደዚሁ ያዘነበሉ አሉ። ነጃሳ ነገር ባሕርይው ፈጽሞ ሲለወጥ፣ ማለትም በኢስቲሓላ፣ ንጹሕ እንደሚሆን በ1995 በኩዌት የተሰበሰቡ የፊቅህና የሕክምና ሊቃውንት ተናግረዋል። የተጣራ ባክቴሪያ ከዚህ ይመደባል ወይስ አይመደብም የሚለውን ለባለ ፈትዋዎቹ እንተወው። ለእኛ ጉዳይ ዋናው ነገር የፈቀዱት ሊቃውንት የጠየቁት ቅድመ ሁኔታ ነው፤ ይኸውም ፈውስነቱ መታወቁ ነው።

ይህ ዕውቀት ለአንድ በሽታ አለ። ክሎስትሪዲየም ዲፊሲል የሚባል ባክቴሪያ የሚያስከትለውና እየተመላለሰ የሚነሳ ብርቱ ተቅማጥ ሰውን እስከ ሞት ያደርሳል። በ2013 የታተመ የሆላንድ ጥናት እንደሚያሳየው፣ በዚህ ሕክምና ከታከሙት 16 ሕመምተኞች 13ቱ በመጀመሪያው ሙከራ ሲድኑ፣ ቫንኮማይሲን ብቻ ከወሰዱት 13 ሰዎች የዳኑት 4 ነበሩ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤትም በ2022 እና በ2023 ከዓይነ ምድር የተዘጋጁ ሁለት መድኃኒቶችን ፈቅዷል፤ የፈቀደው ግን ይህ በሽታ ዳግም እንዳይነሳ ለመከላከል ብቻ ነው። ለኦቲዝም አይደለም። የአሪዞናው የ2017 ጥናት ወላጆችም ሐኪሞችም ልጆቹ የወሰዱትን እያወቁ የተደረገ፣ ሕክምናውን ካልወሰዱ ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች ጋርም ያልተነጻጸረ ነበር። ተመራማሪዎቹም ይህን ሳይሸሽጉ ጽፈዋል።

«ታዲያ እናቱ ልጄ ተሻለው ካለች ከእርሷ በላይ ማን ያውቃል?» የሚል ይኖራል። ለዚህ መልስ የሚሆነን የሴክሬቲን ታሪክ ነው። ሴክሬቲን ምግብ ሲፈጭ ቆሽትን የሚያዝ ሆርሞን ነው። በ1998 ለሆድ ምርመራ ሲባል ሴክሬቲን የተሰጣቸው ሦስት ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች መናገርና ዓይን ለዓይን መተያየት እንደተሻሻለላቸው ተዘገበ። ወሬው በቴሌቪዥን ተሰራጨ፤ ወላጆችም መርፌውን ፍለጋ ወጡ። (ያኔ ይሰጥ የነበረው ከአሳማ የተወሰደው እንደነበር ስንቱ ሙስሊም ወላጅ ያውቅ ይሆን?) በ1999 መጨረሻ 60 ልጆች ለሁለት ተከፍለው እኩሌቶቹ ሰው ሠራሹ ሴክሬቲን፣ እኩሌቶቹ የጨው ውሃ ተወጉ። ለማን የትኛው እንደተሰጠ ወላጆችም መርማሪዎችም እንዳያውቁ ተደረገ። ውጤቱ ሲታይ ጨው ውሃ የተወጉትም እንደ ሌሎቹ ተሻሽለዋል። በሁለቱ መካከል ልዩነት አልነበረም።

ከዚህ ይበልጥ የሚያሳዝነው ቀጥሎ የሆነው ነው። ይህ ውጤት ከተነገራቸው በኋላ እንኳ 69 በመቶዎቹ ወላጆች ሴክሬቲኑን ለልጃቸው አሁንም እንደሚፈልጉት ተናገሩ። እነዚህ ሰዎች ውሸታሞች አልነበሩም። ልጅ በራሱ ጊዜ ያድጋል፤ መርፌ በተወጋ ማግስትም ወላጁ ከወትሮው አጥብቆ ያየዋል፣ ያናግረዋል፣ ትናንት ያላስተዋለውን ፈገግታ ዛሬ ያስተውላል። የናፈቀ ዓይን የሚመሰክረውን በፍርድ ቤት ብናቀርበው ዳኛው ሌላ ምስክር ይጠይቃል። ልጁ ራሱ መናገር በማይችልበት ጊዜ ደግሞ ያ ሌላ ምስክር የግድ ያስፈልጋል።

ባክቴሪያው ኦቲዝሙን አመጣ የሚለው ሐሳብም ቢሆን አንድ ነገር ዘልሏል። በ2021 በአውስትራሊያ 247 ልጆችን የመረመረ ጥናት ነገሩ ሊገለበጥ እንደሚችል አሳየ። ብዙ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ምግብ ይመርጣሉ፤ አንዱ ሩዝ ብቻ፣ ሌላው ዳቦ ብቻ ይላል። የሚበሉት ዓይነት ሲያንስ የአንጀታቸው ባክቴሪያ ዓይነትም ያንሳል። ጥናቱ ያገኘው ልዩነት በአብዛኛው ከዚህ የመጣ ነበር።

ጉዳትም አለው። በሰኔ 2019 ይኸው የአሜሪካ መሥሪያ ቤት የመከላከል አቅማቸው የደከመ ሁለት ሰዎች ከለጋሽ ዓይነ ምድር በመድኃኒት የማይበገር ባክቴሪያ እንደተጋባባቸውና አንደኛው እንደሞተ አስታወቀ። ይህ በሐኪም እጅ የሆነ ነው፤ በቤት ውስጥ የሚደረገውን እንግዲህ መገመት ነው። በዚያው ዓመት ለኦቲዝም መድኃኒት ነው እየተባለ የሚሸጥ፣ በረኪና የሚሆን ፈሳሽ ማንም እንዳይጠጣ ማስጠንቀቂያ ወጥቷል። ይህን ፈሳሽ በልጆቻቸው አንጀት የከተቱ ወላጆች ነበሩ። ሕክምና ሳያውቅ የሚያክም ሰው ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ማስተማራቸው የታወቀ ነው።

እንግዲህ የወሊይን ሥልጣን እናስብ። የየቲም ገንዘብ የያዘ ሰው ገንዘቡን ለየቲሙ በሚበጀው መንገድ ካልሆነ በቀር እንዳይቀርበው ቁርኣን አዝዟል። ትርፉ ወደማይታወቅ ንግድ ቢያስገባው፣ ቢከስርም «ደግ አስቤ ነው» ማለቱ አያድነውም። ገንዘብ እንዲህ ከተጠበቀ የልጁ አንጀት እንዴት ይጠበቅ? ይህ ማለት ጥናት ሁሉ ሐራም ነው ማለት አይደለም። በሐኪሞች ቁጥጥር፣ በንጽጽር፣ ለጋሹ ተመርምሮ፣ ክፍያ ሳይጠየቅ የሚደረግ ጥናት ውስጥ ልጅን ማስገባትና ገንዘብ ከፍሎ ከሻጭ መግዛት የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው ለሌሎች ልጆችም ዕውቀት ይተዋል።

ወላጅ ምን ፈልጎ እንደሚያሳክምም ራሱን መጠየቅ ይኖርበታል። በአገራችን ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት ቁርኣን አስቀርታ፣ ዘምዘም አጠጥታ፣ ጥቁር አዝሙድ አስቅማ ስታበቃ ጎረቤት «ምን ሠርታ ይሆን?» ይላታል። ነፍሳቸውን ይማርና ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ ብዙዎቹ ልጆች ከቤት የማይወጡ ነበሩ። እንዲህ የተጨነቀች እናት መድኃኒቱን የምትሻው ልጁ ከሕመሙ እንዲያርፍ ነው ወይስ እርሷ ከሰው አፍ እንድታርፍ? ሁለቱ ተደባልቀው መገኘታቸው አያስወቅሳትም፤ የሚጠጣው ግን ልጁ ነው።

የሆድ ሕመሙን ማከም ከዚህ ሁሉ ክርክር ውጭ ነው። ለሆድ ድርቀት የታወቀ፣ ርካሽ፣ ንጹሕ መድኃኒት አለ። ሐኪም ሆዱን ዳስሶ ያየዋል፤ ውሃና አትክልት ቀስ በቀስ ይለምዳል፤ መጸዳጃ ቤት በሰዓቱ መቀመጥን ይማራል። መናገር ለማይችለው ልጅ የሆድ ሥዕል ያለበት ካርድ ሰጥቶ ሲያመው እንዲያሳይ ማስተማር ይቻላል፤ ወራት ይፈጃል እንጂ ይሆናል። ብርጭቆ ሲቀርብለት ፊቱን ካዞረም አፉን ከመያዝ በፊት ለምን እንዳዞረ መፈለግ ነው። ጣዕሙ ሊሆን ይችላል፤ ሆዱም ሊሆን ይችላል።