ሰባተኛውን ማዕረግ ለሚሻ ልጅ

ልጄ፣ የላክህልኝን ረጅም መልእክት አንብቤዋለሁ። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ትምህርቱ እየሄደልህ ሕይወቱ ግን ባዶ እንደሆነብህ፣ በቴሌግራም «ኅቡእ ስሞችን» የሚገልጥ መምህር እንዳገኘህ፣ ክታብም እንደገዛህ፣ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ አንተው ቻናል ከፍተህ ልታስተምር እንዳሰብህ ጽፈሃል። ከዚህ ሁሉ እንቅልፍ የነሣኝ የመጨረሻው ነው። እመለስበታለሁ።

ፍላጎትህን አልነቅፍም። አባትህ «ኢንጂነር ይሆናል ያልሁት ልጅ ደብተራ ሊሆንብኝ ነው» ብሎ ሲበሳጭ ሰምቼ ስቄበታለሁ። ምሥጢር መሻት በዚህ አገር ነውር ሆኖ አያውቅም። የቆሎ ተማሪው ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ ከዋሸራ ጎንጅ፣ ከጎንጅ ዋድላ የተንከራተተው ወርቁን ከሰሙ ፈልቅቆ ለማየት ነው። ቤተ ክርስቲያንም ለሕፃን የምታስተምረውን ሃይማኖት «አምስቱ አዕማደ ምሥጢር» ትለዋለች። «ትምህርተ ኅቡአት» የሚባልም አላት፤ ኅቡአት ይባል እንጂ ከመጽሐፈ ኪዳን ጋር ታትሞ ማንም የሚገዛው ነው። የሚጠይቅህ የመጽሐፉን ዋጋ ብቻ ነው።

የክታቡን ፎቶ አየሁት። ወረቀት ላይ በማተሚያ የወጣ ነው። የድሮው ደብተራ ክታብ ሲጽፍ በሽተኛውን አስቀምጦ ያነጋግረዋል፣ የክርስትና ስሙን ይጠይቃል፣ ብራናውን በቁመቱ ልክ እየቀጠለ ይሰፋል፤ ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እንዲጋርደው ነው። ስሞቹን በቀይ፣ የቀረውን በጥቁር ቀለም ይጽፋል። ዓይናማውን ጠልሰም፣ ሰይፍ የመዘዘውን መልአክ ይሥላል። ልጅ ለሚሞትባት ሴት ከሆነ የቅዱስ ሱስንዮስንና የሕፃናት ገዳይዋን የውርዝልያን ታሪክ ይጨምርበታል። ከዚያ ጠቅልሎ በቆዳ ይለብጠዋል።

ይህን እመን ማለቴ አይደለም። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ገና በ15ኛው መቶ ዘመን በጠንቋይና በአስማተኛ ላይ አምርረው ጽፈዋል። ከዚያ ወዲህም ቤተ ክህነቱና ክታብ ጸሐፊው ተስማምተው አያውቁም፤ አንዳንዴ ያው አንዱ ሰው ቀን ማኅሌት ቆሞ ማታ ክታብ ቢጽፍም። «ፈረንጆቹ እንኳ ያደንቁታል» ላልኸው፣ እውነት ነው፤ ፈረንሳዊው ዣክ መርሲየ ብዙ ዓመት ደክሞበታል፣ ክታቦቻችንም በአውሮፓ ሙዚየሞች ይታያሉ። መርሲየ የጻፈው ግን የታመመ ሰው ፊት ቁጭ ብለው ስለሚሠሩ ሰዎች ነው። ያንተው ሻጭ ቁመትህን ቀርቶ ስምህን አልጠየቀም። ስምህን ያላወቀ ሰው ከምን ሊጠብቅህ ነው?

አሁን ወደ ዋናው። መልእክትህ ውስጥ ደጋግመህ «ኃይል» ትላለህ፤ ካሉበት ሳይርቁ ሌላ ስፍራ መገኘት፣ የተሰወረውን ማየት። ሊቃውንቱ ይህን የማያውቁት እንዳይመስልህ። ከመጻሕፍት ቤት አራት ጉባኤያት አንዱ የመጻሕፍተ መነኮሳት ነው፤ ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ የተባሉት መጻሕፍት ይተረጎሙበታል። ማር ይስሐቅ በ7ኛው መቶ ዘመን የነነዌ ኤጲስ ቆጶስ ሆኖ ተሹሞ፣ ወራት ሳይቆይ ሹመቱን ጥሎ ወደ ብሕትውና የሄደ አባት ነው። በዚህ ጉባኤ አባቶች የቅዱሳንን ማዕረግ ዐሥር አድርገው ይቆጥራሉ። አንተ የምትመኘው ሑሰት ይባላል፤ ወደ ፈቀዱበት ስፍራ በቅጽበት መድረስ ነው። ሰባተኛው ላይ ነው ያስቀመጡት።

ከበታቹ ያለውን ስማ። የመጀመሪያው ጽማዌ ነው፣ ዝም ማለት፣ ከወሬ መራቅ። ቀጥሎ ልባዌ፣ የሰሙትንና ያነበቡትን ማስተዋል። ከዚያ ጣዕመ ዝማሬ፤ በአፍ ብቻ ይወጣ የነበረው ጸሎት ውስጥን ሲያጣፍጥ። አራተኛው አንብዕ ነው፤ እንባው ስለ ራስ ኃጢአትና ስለ ሰው መከራ የሚፈስስ ነው። አምስተኛው ኩነኔ፤ ሥጋ ለነፍስ ሲገዛ። ስድስተኛው ፍቅር ነው፤ ሳይለዩ ሁሉን መውደድ፣ የበደለህንም ጭምር። ሑሰት የሚመጣው ከፍቅር በኋላ ነው። አባቶች ይህን ሥርዓት ለምን እንዲህ እንዳደረጉት ብዙ አስቤበታለሁ። ሰውን የማይወድ ሰው በፈለገበት ቅጽበት በፈለገበት ቤት ቢገኝ ምን እንደሚያደርግ መገመት አያስቸግርም። ከሰባተኛው በላይ ሦስት ቀርተዋል፤ ንጻሬ መላእክት፣ ተሰጥሞ፣ ነጽሮተ ሥሉስ ቅዱስ። ስለ እነሱ እኔ አፌን አልከፍትም።

የቴሌግራሙ መምህር ስድስቱን ጥሎ ሰባተኛውን ለብቻው ይሸጣል። ነገሩ ይኸው ነው።

«በምንኖርበት በቂሊንጦ ምን ጽማዌ አለ?» እንደምትለኝ አውቃለሁ። ከላይህ የሚጎተት ወንበር፣ ከታችህ ሙዚቃ፣ በመንገዱ የሲኖትራክ ጩኸት። አቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ስሠራ ከእኔ ጋር በአንድ ፈረቃ የሚውል ሽማግሌ ነበር። የማሽኑ ጩኸት ጆሮ ላይ ተጠግቶ ካልተናገሩ አያሰማም። ከንፈሩ ግን ሁልጊዜ ይንቀሳቀሳል፤ ጥርሱን የሚያመው ይመስለን ነበር። ዳዊት በቃሉ ሲደግም ይውል እንደነበር ያወቅነው ጡረታ ሲወጣ፣ ያውም ሚስቱ ተናግራ ነው። ከእሱ ጋር የተጣላ ሰው አላስታውስም፤ አለቆቹ እንኳ ሲቆጡ ቆይተው በመጨረሻ ያፍሩ ነበር። ባዶነት ያልኸው ነገር በዚያ ሰው ፊት ላይ አልነበረም።

ለስድስተኛው፣ ለፍቅር፣ ደግሞ ሩቅ አትሂድ። ከመኖሪያችን ብዙም ሳይርቅ ማረሚያ ቤቱ አለ። ስንቅ የያዙ እናቶች ከታክሲ ወርደው በፀሐይ ሲሄዱ በየጊዜው ታልፋቸዋለህ። ነሐሴ 28 ቀን 2008 ዓ.ም. በማረሚያ ቤቱ እሳት የተነሣ ጊዜ የልጆቻቸውን መኖርና መሞት ለማወቅ ለቀናት የተንከራተቱ ወላጆች አሉ። ኅቡእ ስም ከመፈለግህ በፊት ከእነዚህ እናቶች የአንዷን ዘንቢል ተሸከምላት፤ የልጇን ስም ጠይቃትና ማታ በጸሎትህ ጥራው። ለማንም አትንገር፣ ለእኔም ጭምር።

ሥርዓት ጠብቆ፣ በመምህር ፈቃድ መሄድ የእኛ ብቻ እንዳይመስልህ። ወሎ ውስጥ በዳናና በጀማ ንጉሥ የሱፊ ሼኾች ዘንድ ደረሳው፣ ተማሪው፣ ወርዱን፣ የዘወትር ዚክሩን፣ የሚደግመው ሼኹ ሲፈቅዱለት ነው እንጂ ከመጽሐፍ ስለቀዳ አይደለም። ፈቃዱም የሚሰጠው አብሮ ተኑሮ፣ ውኃ ተቀድቶ፣ ጠባይ ታይቶ ነው። ቅኔ ቤትም እንዲሁ ነው፤ የኔታ የተማሪውን ቅኔ ብቻ ሳይሆን ከጎጆ ጓደኞቹ ጋር ያለውን አዳርም ያውቃሉ። መምህርህ አንተን አይቶህ የማያውቅ ከሆነ ምን ላይ ቆሞ ነው የሚፈቅድልህ?

ወደ ቻናሉ ልመለስ። በአብነት ትምህርት ቤት ተማሪ ያስተምራል፤ ፊደል የለየው ያልለየውን ያስቆጥራል፣ ከፍ ያለው ታናሹን ያስቀጽላል። ስለዚህ ማስተማር ካማረህ የምታውቀውን አስተምር። ብሎካችሁ ውስጥ ሒሳብ ያስቸገራቸው ልጆች ሞልተዋል፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ምድር ቤቱ ባዶ ነው። የማታውቀውን ስታስተምር ግን የሚከተልህ ሰው ችግሩን ይዞ ይመጣል። የሚጥለው በሽታ ያለበት ልጅ መድኃኒቱን ትቶ ያንተን ስሞች ቢደግም ተጠያቂው ማን ነው? ይህን ስትመልስልኝ ቻናሉን እናወራለን።

እስከዚያው ጠዋት ሳትናገር፣ ስልክህንም ሳትነካ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም አድርስ፤ መቁጠሪያ ካለህ 41 ጊዜ ኪርያላይሶን በል፣ ከዚህ አትጨምር። ክታቡን አታቃጥለው፣ የአምላክ ስም ተጽፎበታል፤ ለንስሐ አባትህ ስጥ። ማር ይስሐቅን በአማርኛ ትርጓሜው አለኝ፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ና፣ አብረን ከመጀመሪያው እናነባለን፣ ቡናም አለ። ለሰውዬው የቀረውን ግማሽ ክፍያ በቴሌብር እንዳትልክ። «መዓት ይወርድብሃል» ብሎ ከጻፈልህ መልእክቱን ወደ እኔ አስተላልፍልኝ፤ እኔ እመልስለታለሁ።