ዘር ከልጓም ይስባል?

ሰውየው ቀኑን ሙሉ ተቆጥቶ ቤቱን ሲያተራምስ ይውልና ማታ ላይ «ምን ላድርግ፣ አመሌ ነው» ይላል። ያው ሰው በማግሥቱ ጎረቤቱ ሲቆጣ ያይና «ድሮስ ከማን ተወለደና! አባቱም እንዲሁ ነበሩ» ይላል። ልብ በሉ፤ ተፈጥሮ ለራሳችን ሲሆን ይቅርታ ነው፣ ለሰው ሲሆን ፍርድ። ታዲያ ሳይንሱ የትኛውን ይደግፋል?

«ዘር ከልጓም ይስባል» ያሉት አበው ከመሬት ተነሥተው አልተናገሩም። እ.ኤ.አ. በ1979 ቶማስ ቡሻርድ የተባሉ የሥነ ልቡና ሊቅ በአሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ፣ በሕፃንነታቸው ተለያይተው በየሰው ቤት ያደጉ መንትዮችን እየፈለጉ ማጥናት ጀመሩ። ከአንድ እንቁላል የተገኙት መንትዮች ተለያይተው አድገውም እንኳ በጠባይ አብረው ካደጉት ባልተናነሰ ሲመሳሰሉ ተገኙ። በ2015 የታተመ፣ ብዙ ጥናቶችን ያጠቃለለ ሥራ ደግሞ በሰዎች መካከል ከሚታየው የጠባይ ልዩነት 40 በመቶ ያህሉን ከዘር ጋር አያይዞታል።

ብዙዎቻችን የምንሰናከለው እዚህ ላይ ነው። 40 በመቶ ማለት «ከቁጣዬ 40 እጁ የአባቴ፣ የቀረው የኔ» ማለት አይደለም። ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ብዙ ሰዎች ልዩነት እንጂ ስለ አንድ ሰው ዕጣ አይደለም። ሪቻርድ ሌዎንቲን የተባሉ የሥነ ዘረመል ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1970 በበቆሎ ያስረዱትን እኔ በጤፍ ልበለው። የተደባለቀ የጤፍ ዘር በአንድ ማሳ፣ በእኩል ዝናብና በእኩል ማዳበሪያ ቢዘራ፣ አንዱ ረዝሞ ሌላው ያጠረው በዘሩ ምክንያት ነው። ከዚያው ዘር ሌላ እፍኝ ወስደን ጭንጫ መሬት ላይ ብንዘራው ግን፣ በሁለቱ ማሳዎች መካከል ያለው ልዩነት የመሬቱ ነው። የሰው ልጅ ነገር ደግሞ ከዚህም ይረቃል። ዘራቸው አንድ፣ ቤታቸው አንድ የሆነ መንትዮች እንኳ አንዱ ዝምተኛ፣ ሌላው ተጫዋች ሆነው ይገኛሉ።

ነገሩ የቡና ላይ ወሬ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት አንድ ሰው በነፍስ ግድያ ፍርድ ቤት ቆመ። ጠበቆቹ፣ ሰውየው ከጠበኝነት ጋር ይያያዛል የሚባል የዘረመል ዓይነት እንዳለውና በልጅነቱም እየተደበደበ እንዳደገ በባለሙያ አስመሰከሩ። በዳኝነት የተሰየሙት ዜጎች አስቦና አቅዶ ገድሏል የሚለውን ከባዱን ክስ ትተው፣ በግድያው በቀለለው አንቀጽ ጥፋተኛ አሉት። ከሌሎች ጥፋቶቹ ጋር 32 ዓመት ተፈረደበት።

እስቲ ሙግቱን ገልብጡት። ሌላ ዐቃቤ ሕግ ተነሥቶ «እንዲህ ሆኖ የተፈጠረ ሰው ነገም መግደሉ አይቀርምና ጨርሶ አይፈታ» ቢልስ? ማስረጃው ያው ነው። ለምሕረትም ለጭካኔም ያገለግላል። ስለዚህ ፈራጁ ዘረመሉ ሳይሆን እኛው ነን። «ዘሩ አይታወቅም» ተብሎ ከአሳዳጊ ደጅ የሚመለሰውን ሕፃንም የመለሰው ደሙ ሳይሆን የሰው አፍ ነው።

ይልቅ ወደ ተረቱ እንመለስ። ዘር ከልጓም ይስባል ሲባል ልጓም መኖሩም አብሮ ተነግሯል። ፈረሱ እንደሚጎትት ያወቀ ሰው ልጓሙን ጠበቅ ያደርጋል እንጂ «ፈረሴ ነው» ብሎ በሰው ማሳ አይለቀውም። ቁጡ ሆኖ የተወለደ ሰው ራሱን ለመግዛት ከረጋው ሰው የበለጠ ይደክማል፤ ይህን ማወቅ ለሰው እንድናዝን ሊያደርገን ይገባል። ለራሳችን ሲሆን ግን ያው ዕውቀት ሥራ ያበዛብናል። እኛ ይኸው ገልብጠን ይዘነው፣ ርኅራኄውን ለራሳችን፣ ልጓሙን ለጎረቤት አድርገን እንኖራለን።