አካሉ ለማን ይናገራል?

እ.ኤ.አ. በ2013 ኤን ቢ ሲ የተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ድርጅት፣ ከ1967 እስከ 1975 ሲታይ የኖረውን «አይረንሳይድ» የተሰኘ ድራማ አድሶ ባቀረበ ጊዜ፣ የቆየ ክርክር አብሮት ተነሣ። በጥይት ተመትቶ ከወገቡ በታች መንቀሳቀስ የተሳነውን፣ ነገር ግን በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ ወንጀል መመርመሩን ያልተወውን ሰው ቀድሞ ሬይመንድ በር፣ ኋላም ብሌር አንደርውድ ሲጫወቱት፣ ሁለቱም ቀረጻው ሲያበቃ ከወንበሩ ተነሥተው በእግራቸው የሚሄዱ ነበሩና፣ አካል ጉዳተኛ ተዋንያን የእነርሱ ኑሮ በሌላ ሰው ሲታይ እነርሱ ራሳቸው ከደጅ መቅረታቸውን በምሬት ተናገሩ። ድራማው ጥቂት ክፍሎች ከታዩ በኋላ ተቋረጠ፤ ክርክሩ ግን እስከ ዛሬ አልበረደም።

ልቤ ከቅሬታ አቅራቢዎቹ ጋር ነው። ይሁን እንጂ ሁለት ጥያቄዎች እንደ አንድ ተቆጥረው ሲሄዱ ማየቴ ኅሊናዬን አያሳርፈውም፤ አንደኛው ገጸ ባሕርዩን ማን ይጫወተው የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ያ የተጎዳ አካል በታሪኩ ውስጥ የገባው ስለ ማን ነው የሚለው ነው። የመጀመሪያው በጎ መልስ ካገኘ ሁለተኛው በራሱ ይቃናል ብሎ ማሰብ ይቀላል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2008 የጀመረውን «ብሬኪንግ ባድ» የተሰኘ የቴሌቪዥን ድራማ እንመልከት። የዋናውን ባለታሪክ ልጅ የሚጫወተው አር ጄ ሚት፣ ሴሬብራል ፓልሲ ከተባለው እንቅስቃሴን ከሚያውክ ጉዳት ጋር ከሕፃንነቱ ጀምሮ የኖረ ሰው ነው። በመጀመሪያው ክፍል ልጁ በልብስ መደብር ሱሪ ሲለካ ጎረምሶች ይሳለቁበታል፤ አባቱም በኋላ በር ወጥቶ በፊት በር ይመለስና የዋናውን ፌዘኛ እግር ረግጦ ያዋርደዋል። ተመልካቹ በአባትየው ድፍረት ደስ ይለዋል፤ የልጁ ኀፍረት ግን ለአባቱ እሳት ማገዶ ሆኖ ያልቃል እንጂ፣ እርሱ ራሱ ምን ፈልጎ እንደነበር የሚጠይቀው የለም። በሁለተኛው ምዕራፍ ደግሞ ይኸው ልጅ መኪና መንዳት ሲማር በአንድ እግሩ ነዳጅ፣ በሌላው ፍሬን ይረግጣል፤ አባቱም በቀኝ እግሩ ብቻ እንዲነዳ ይጫነዋል። በዚህ ትዕይንት አካሉ የማንም ምሳሌ አይደለም፤ ሥራውን የሚሠራበት የራሱ መንገድ ነው፤ ጉድለቱም የሚታየው ያንን መንገድ መቀበል ባቃተው አባት ላይ ነው። ተዋናዩ አንድ፣ ድራማውም አንድ ሆኖ ሳለ ሁለቱ ትዕይንቶች እጅግ ይራራቃሉ።

እዚህ ላይ በቀላሉ የማይታለፍ ተቃውሞ ይነሣል። ተውኔት ድርሰት ነው፤ በድርሰት ውስጥ ደግሞ ስለ ራሱ ብቻ የሚገባ ነገር የለም፤ የንጉሥ ዘውድ፣ የመበለት ጥቁር ልብስ፣ የሎሌ ዝምታ ሁሉ ሌላ ነገር ሊያመለክቱ ይቆማሉና፣ የአካል ጉዳተኛው ክራንች ብቻ ምንም አያመልክት ማለት ከጥበብ ማንም ያልጠየቀውን መጠየቅ ነው ይባላል። ሎሌውም የገባው ስለ ጌታው ታሪክ ነው። ለዚህ የምሰጠው መልስ፣ ሎሌውን ተመልካቹ በኑሮው ስለሚያውቀው ድርሰቱ ያጎደለውን ከራሱ ይሞላል፤ አካል ጉዳተኛው ግን፣ በአገራችንም ልጁን ከእንግዳ ዓይን ሸሽጎ በጓዳ የሚያሳድግ ቤተሰብ ባልጠፋበት፣ የመሥሪያ ቤት ደረጃም ከደጃፍ በሚመልሰው ዘመን፣ ብዙ ሰው የሚያውቀው በቴሌቪዥን ብቻ ነው የሚል ነው። ተቃዋሚው ግን፣ እንግዲያስ በደሉ የማኅበረሰቡ እንጂ የደራሲው አይደለም ብሎ ይመልስልኛል፤ ከፊሉንም እቀበለዋለሁ። አንዱን ትዕይንት ነጥዬ ኃጢአተኛ ልለው አልችልም፤ በደሉ ከመደጋገሙ ነውና።

ሆኖም ምሳሌ መሆንና ሰው መሆን የማይታረቁ እንዳልሆኑ፣ ቤተ ክርስቲያናችን በዐቢይ ጾም አራተኛ እሑድ የምታስበው መፃጉዕ ያስተምረኛል። 38 ዓመት በአልጋ ተይዞ የኖረው ይህ ሰው በወንጌል የአምላክ ሥራ መገለጫ ሆኖ ተጽፏል፤ ነገር ግን ከመዳኑ አስቀድሞ ፈቃዱ ይጠየቃል፤ ሲመልስም የሚያማርረው ስለ እግሩ ሳይሆን፣ ውሃው ሲናወጥ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው ስለ ማጣቱ ነው። እንግዲህ ከደራሲ የምሻው አስቀድሜ ካሰብሁት ጠበብ ያለ ነው፤ የተጎዳው አካል ምሳሌ ቢሆን ይሁን፣ ባለቤቱ ግን ፈቃዱን ይጠየቅ፤ መልሱም ሁልጊዜ መራመድን መመኘት ብቻ አይሁን።

ስለ ተዋናዩ ምርጫ ግን እርግጠኝነቴ ያንሳል። የሚት የራሱ ጉዳት ከገጸ ባሕርዩ የቀለለ በመሆኑ በክራንች መሄድን ለዚሁ ሥራ ሲል ተምሯል፤ እርሱም ያልሆነውን ሆኖ ተጫውቷልና፣ ጉዳቱ የሌለበት ተዋናይ ሁሉ ሐሰተኛ ነው የሚለውን ክስ በጥበብ ሕግ ላጸናው አልችልም። የሚቀረኝ የፍትሕ ነገር ነው፤ በእግሩ የሚሄደው ተዋናይ የሚራመደውንም የማይራመደውንም እንዲጫወት ሲጠራ፣ በወንበር ያለው ግን መራመድን ፈጽሞ ለማይጠይቀው ለዳኛው ወይም ለመምህሩ ቦታ እንኳ ብዙ ጊዜ አይታሰብም። ይህን ግፍ ለማስወገድ የጥበብን ምስክርነት መጠበቅ አያሻም። የቀጣሪው ዕዳና የደራሲው ዕዳ ለየብቻ ናቸው፤ አንዱ ስለተከፈለ ሌላው እንደተከፈለ አይቆጠርም።