የእመቤታችን ዕረፍትና ዕርገት፦ ካቶሊካውያን ምን ያስተምራሉ? እኛስ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን! በቤሩትና በሮም የሚኖሩ እኅቶቻችን ጾመ ፍልሰታን ይዘው ሳለ፣ ነሐሴ 9 ቀን በዙሪያቸው ያሉት ካቶሊካውያን «ዛሬ የማርያም ዕርገት ነው» ብለው ሥራ ዘግተው ሲያከብሩ ያያሉ። እኛ የምናከብረው ደግሞ ነሐሴ 16 ቀን ነው። «ታዲያ የእነሱና የእኛ አንድ ነው ወይስ ይለያል?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። መልስ የሚገባው ጥያቄ ነው፤ ሳያውቁ «ሁሉም ያው ነው» ማለትም ሆነ ሳያውቁ መሳደብ ማንንም አይጠቅምምና።

አስቀድመን የሚያገናኘንን እንመልከት። በ431 ዓ.ም. በኤፌሶን የተሰበሰቡት 200 አባቶች ንስጥሮስን አውግዘው እመቤታችን «ወላዲተ አምላክ» መሆኗን አጽንተዋል። ካቶሊካውያንም ይህን ጉባኤ ይቀበላሉ። ዘለዓለማዊ ድንግልናዋን ያምናሉ፣ በአማላጅነቷም ይማጸናሉ። ሥጋዋ በመቃብር ፈርሶ አለመቅረቱንም ይመሰክራሉ።

ልዩነቱስ የት ላይ ነው? የሮማው ፖፕ ፒዮስ 9ኛ እ.ኤ.አ. በ1854 እመቤታችን ከተፀነሰችበት ጊዜ ጀምሮ ስለ ልጇ ቤዛነት ከጥንተ አብሶ ተጠብቃለች ሲሉ ዶግማ አድርገው ዐወጁ። ፒዮስ 12ኛ ደግሞ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 1950 ምድራዊ ሕይወቷን ፈጽማ በነፍስና በሥጋ ወደ ሰማይ ተወስዳለች ብለው ደነገጉ። ልብ በሉ! ዐዋጁ «ሞታለች» ወይም «አልሞተችም» አይልም፤ ነገሩን ክፍት ትቶታል። ስለዚህ ከመካከላቸው «ጥንተ አብሶ ከሌለባት ሞት ምን አገባው?» የሚሉ አሉ። «ሞታለች» የሚሉም ብዙዎች ናቸው፤ ፖፕ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ1997 ልጇ ከሞተ እናቲቱ አልሞተችም ማለት እንደሚከብድ አስተምረዋል።

ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን ግን ይህን ክፍት አልተወችውም። እመቤታችን በዚህ ዓለም 64 ዓመት ኖራ ጥር 21 ቀን ዐረፈች። ሐዋርያት ከነሐሴ 1 ቀን ጀምረው ሱባዔ ቢይዙ በ14ኛው ቀን ሥጋዋን ተቀብለው በጌቴሴማኒ ቀበሯት፤ በ3ኛው ቀን፣ ነሐሴ 16፣ ተነሥታ ዐረገች። የምንጾመው ጾም መነሻው ይኸው ነው። እኛም ይህን የተቀበልነው በፖፕ ዐዋጅ ሳይሆን አባቶቻችን በጾም፣ በቅዳሴና በማኅሌት ጠብቀው ስላቆዩልን ነው።

«ሞተችም አልሞተችም፣ ለእኔ ምን ይፈይድልኛል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ብዙ ይፈይዳል! ንጽሕት ስለሆነች ሞት ሊነካት አይገባም የሚል ሰው ልጇን ያስብ። ኃጢአት ያላወቀው ጌታ (2ቆሮ. 5፥21) በፈቃዱ ሞቶ ተቀብሯል፤ እናቱም በልጇ መንገድ ሄደች።

ዛሬ በየቤታችን ሐዘን አለ። እናቱን ቀብሮ ተመልሶ «እግዚአብሔር ቢወደኝ ኖሮ እሷን ይወስድብኝ ነበር?» የሚል ስንት አለ! ወንድሜ ሆይ፣ እኅቴ ሆይ፣ የአምላክ እናት እንኳ ተገንዛ ወደ መቃብር ወርዳለች። ልጇ ስለሚወዳት ሞትን አላስቀረላትም፤ ስለሚወዳት ከሞት አስነሣት እንጂ። እሷ ቀደመች፤ እኛ ደግሞ በክርስቶስ ያረፉት የሚነሡበትን ቀን እንጠብቃለን (1ተሰ. 4፥16)። የነሐሴ 16 ደስታ ለሐዘንተኛ ጭምር የሆነው ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ካቶሊካዊ ጎረቤታችን ቢጠይቀን በትሕትናና በፍቅር እንመልስ። ከክርክሩ ይልቅ ግን ሱባዔው እንዳያመልጠን! ንስሐ እንግባ፣ ያዘኑትን እንጠይቅ፣ ልጆቻችንን ይዘን ወደ ቅዱስ ቁርባን እንቅረብ።

የእመቤታችን ምልጃና በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር