የስደት መነሻው ምንድን ነው?



ከአዲስ አበባ ጥግ ተነሥቶ ጅቡቲ የሚደርሰው አዲሱ የምድር ባቡር በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ። በዚያው በምሥራቅ አቅጣጫ ግን ብዙ ወጣቶች ሌላ ጕዞ ይጓዛሉ፤ ከጅቡቲ ከኦቦክ ጠረፍ በጀልባ ወደ የመን ተሻግረው ሳዑዲ ዓረቢያ ለመግባት ይደክማሉ። በ2006 ዓ.ም. ከዚያ አገር ከ160 ሺህ የሚበልጡ ወገኖቻችን ተባረው ሲመለሱ አይተናል፤ ጕዞው ግን አልቆመም። እንግዲህ ሰውን ከአገሩ የሚያስነሣው ምንድን ነው?

መሰደድ በራሱ ኃጢአት አይደለም። ጌታችን በሕፃንነቱ ከእናቱ ከቅድስት ድንግል ማርያም ጋር ከሄሮድስ ሰይፍ ወደ ግብፅ ተሰዷል። ያዕቆብም ከነልጆቹ ወደ ግብፅ የወረደው ራብ ጸንቶበት ነው። ስለዚህ ሰይፍ ወይም ራብ ያሳደደውን መውቀስ አይገባም።

ሦስተኛ ምክንያት ግን አለ፤ እርሱም ዓይን ነው። ሎጥ ዓይኑን አንሥቶ የዮርዳኖስን ለምለምነት አየና መረጠ (ዘፍ. 13፥10)፤ የሰዎቹን ጠባይ አልመረመረም። ዛሬም ጎረቤት ከውጭ በተላከለት ገንዘብ ቤቱን ሲያድስ ያየ ሰው፥ ትናንት የበቃችው ጎጆ ዛሬ ትጠበዋለች። ይህ ምክንያት የሚከፋው የራብን ልብስ ለብሶ ስለሚመጣ ነው። ልጁ «ለእናቴ ብዬ ነው» ይላል፤ እናቱም ልትመክር ሲገባት ላሟን ሸጣ ለደላላ ትከፍላለች። የሄደው ልጁ ነው፤ የላከው ግን የቤቱና የመንደሩ ምኞት ነው።

ታዲያ በምን ይለያል? ተጓዡም ላኪውም ራሱን ይጠይቅ፤ «የሚገኘውን ሀብት ጎረቤት ከቶ ባያየው፥ ይህ መንገድ ይታሰብ ነበርን?»

ያዕቆብ ራብ እያስጨነቀው እንኳ በዐዘቅተ መሐላ ቆሞ ለእግዚአብሔር መሥዋዕት ሠዋ፤ እንዳይፈራ የተነገረውም ከዚያ በኋላ ነው (ዘፍ. 46፥1-3)። ሎጥ ሳይጠይቅ ሄደ፤ ያዕቆብ ጠይቆ ሄደ። ሁለቱም ሄደዋል፤ ፍጻሜያቸው ግን አንድ አይደለም።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ ላሚቱ ሳትሸጥ ከልጃችሁና ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተቀመጡ። ወጣቱ «ሥራ ከየት ላግኝ?» ቢለን፥ እኛም ካህናት በቃል ብቻ አናሰናብተው፤ ያለው ምእመን ለሌለው እንዲደርስ እናስተባብር። የሄዱትንም በጸሎት እናስብ እንጂ አንፍረድባቸው።

የስደተኞች ተስፋ እግዚአብሔር በባሕርም በምድረ በዳም ያሉትን ይጠብቅልን፤ አሜን።